የአባዬ ጣቶች አይነበቡም

ካሰል፣ ጃንዋሪ 11

ለወንድሜ ለሃቦ፤

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ የደህንነትህ ዜና የሚያስደስተኝ ሰሞን ላይ አይደለሁም። መልእክቴ እንዳይደርስህ ስልክህን ስለዘጋህብኝ ይህን በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። ፈርመህ ነው የምትረከበው፤ የፊርማህ ቅጂ ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። ስለዚህ «አልደረሰኝም» የምትለዋን የድሮ ዘፈንህን ለሌላ ጊዜ አቆያት።

በገና ካርድህ ጀርባ በሁለት መስመር የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ እማዬ ትበላለች። አዎ፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች። አይ፣ ቤቱ አልናፈቃትም። የናፈቃት አባዬ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በየእሁዱ ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጣትና በኢንተርኔት የአባዬን ሳጥን እከፍትላታለሁ። ያቺ ከደረጃችሁ ሥር የተቀመጠች ትንሽ ኮምፒውተር የሠላሳ አንድ ዓመት እሁዶች ይዛለች። ሌላው ሰው ለዘመዱ በወረቀት ሲጽፍ፣ አባዬ ካሜራ ፊት ቆሞ ሳምንቱን በእጆቹ እየተናገረ ነው የኖረው። ይህን ላንተ ማስረዳት አይገባኝም፤ ካሜራውን የምትይዝለት አንተ ነበርክ። አሁን ግን ምስሉ ከእናንተ ቤት ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ገንፎ ይሆናል። ፊቱ አለ፣ ሹራቡ አለ፣ ጣቶቹ የሉም። አንዱ ጣት ከሌላው ይዋሃዳል፤ እጁ ሲፈጥን ጭራሽ ጭጋግ ነው። እንዳንተ ያለ የሚሰማ ሰው ምስል ቢደበዝዝበት ድምፅ ይቀረዋል። ለእማዬና ለእኔ ግን ጣቱ ካልታየ አባዬ ዝም አለ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል።

እስከ ኖቬምበር እንዲህ አልነበረም። የተበላሸው የአባዬን ውርስ ስንካፈል ውል አዋዋዩ ቢሮ ተሰዳድበን ከተለያየን በኋላ ነው። አጋጣሚ ነው ትለኝ ይሆናል። እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ በአጋጣሚ የተሰበረ ጥርስ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሌላም አለ። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ አዲስ ፊልም ገብቷል። «ለአልሙት፣ ማርች 3» ይላል። አባዬ ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ለማን ነገርክ? እማዬ ስሟን ርዕሱ ላይ አነበበች። ሦስት ጊዜ አየችው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አልያዘችም።

የዓይን ሐኪሟ የዓይኗ መሃል እየጠቆረ ነው ብሎኛል። እስከ ፋሲካ እጅ ማንበብ ትችል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል አልገባም አለ። ስለዚህ ባሏ ለእሷ ብሎ የተናገረውን እስከዚያ ማየት አለባት። አስተካክለው። ማስተካከል ካልቻልክ በትንሽ ዲስክ ገልብጠህ ላክልኝ፤ የአንድ ቴምብር ጉዳይ ነው።

ታላቅ እህትህ ቪብከ


ዲትሱም፣ ጃንዋሪ 19

ለእመቤት ቪብከ፤

ፈርሜ ተረክቤአለሁ። ፖስተኛው ወረቀቱን እያቀበለኝ «ከፍርድ ቤት ነው?» ቢለኝ «ከዚያ የባሰ ነው፣ ከእህቴ ነው» አልኩት። አዝኖልኝ ሄደ።

የአባዬን ሳጥን አልነካሁም። ለመንካትም ጊዜ የለኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነፋሱ ከባሕር በኩል መምጣቱን አላቆመም፣ እኔም የውሃ ማስወጫ ጣቢያው ውስጥ ፓምፕ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አንቺ ካሰል ኮረብታ ላይ ደርቀሽ ተቀምጠሽ «ጣት አልታይ አለኝ» ስትዪ፣ እኔ ባሕሩን ከሰው ማሳ እያስወጣሁ ነበር።

ያም ሆኖ ክስሽን ሰምቼ ሞከርኩት። ሳሎን ተቀምጬ ያንኑ ፊልም ከፈትኩ። ምስሉ ብርሌ ነው፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ችግሩ ከእኔ ቤት አይደለም። ኖቬምበር ላይ ምን ተደረገ ላልሽው፣ የተደረገው ይህ ብቻ ነው፦ አሮጌው ራውተር ተቃጠለና የስልክ ድርጅቱ አዲስ ላከልን። እኔ ሰካሁት፣ ኢንተርኔቱ መጣ፣ ልጆቹ መጮህ አቆሙ። ሌላ ተንኮል ከፈለግሽ እዚያው ፈልጊ።

አንድ ነገር በደግነት ልንገርሽ። አንቺ ጋ ባለው ማያ ላይ «ከቤት ውጭ ሲታይ» የሚል ምርጫ አለ። አምራቾቹ ኢንተርኔት ለመቆጠብ ብለው ዝቅ አድርገው ነው የሚተዉት። «እንደ ዋናው» የሚለው ላይ አድርጊው። ምናልባት ወራት ሙሉ ስትረግሚኝ የከረምሽው በራስሽ ቤት ባለ አንድ ቁልፍ ነው።

ገልብጠህ ላክልኝ ላልሽው ግን ውላችንን አንብቢ። አራተኛው አንቀጽ «ከሳጥኑ ምንም አይገለበጥም፣ ከቤቱም ምንም አይወጣም፤ ሁሉም ካለበት ሆኖ ያያል» ይላል። ይህን አንቀጽ ያስገባው ማን ነው? «ሃቦ የአባዬን ፊልሞች አውጥቶ የዓለም መሳቂያ ያደርጋቸዋል» ብላ ጠረጴዛ የደበደበችው ማን ናት? እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ።

የማርች 3ቱን ፊልም በተመለከተ ደግሞ፣ አባዬ ያን ቀን ደክሞት ነበር። ብዙ የሚነበብ ነገር የለውም። ዓይኗን አታድክሚው።

ሃቦ


ካሰል፣ ጃንዋሪ 27

ሃቦ፤

«ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል።» ይህን ለእማዬ በእጄ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አርባ ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረህ ድምፁን ለእኛ ትመሰክርልናለህ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እስቲ ንገረኝ፣ በአባዬ ፊልም ውስጥ ምንድን ነው የሚሰማው? የማላውቀው ንግግር አለው እንዴ?

እውነቱን ለመናገር ግን ምርጫው ነበረ። ዝቅ ተደርጎ ነው የተቀመጠው፤ በዚህ ልክ ነህ፣ ሐውልት አሠራልሃለሁ። «እንደ ዋናው» አደረግኩት። አሁን ስድስት ሰከንድ ጥርት ይላል፣ ከዚያ ክቧ መዞር ትጀምራለች፣ ምስሉ ይቆማል፣ እንደገና ስድስት ሰከንድ። አባዬ «ታስታውሺያለሽ…» ብሎ እጁን አንስቶ ይቀራል። ከዚህ ገንፎው ይሻል ነበር።

እኔ ግን እንደምታውቀኝ ነገር ሳላጣራ አልተኛም። ማያው ላይ የግንኙነቱን ዝርዝር ከፈትኩ። «በተዘዋዋሪ» ይላል። ምስሉ ከእናንተ ቤት በቀጥታ ወደ እኛ አይመጣም ማለት ነው። የፕሮግራሙ አምራች ጋ ባለ አንድ የማላውቀው ማሽን በኩል ይሾልካል፣ እሱም የሚያሳልፈው በቀጭን ክር ልክ ብቻ ነው። ለምን? አዲሱ ራውተርህ ለሳጥኗ በር ስላልከፈተላት። አሮጌው ላይ አባዬ ራሱ ከፍቶላት ነበር። የበሩን ቁጥር በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ራውተሩ ገጽ ላይ ግባና ክፈትላት። ሳጥኗንም ከአየር ላይ ኢንተርኔት አውጥተህ በሽቦ አገናኛት። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ማዕበሉ አንድ ሰዓት ይታገስሃል።

እማዬ ማክሰኞ ሻይ ስትቀዳ ከሲኒው ውጭ ቀዳችው። እያየችው ነበር፣ ሲኒው ግን እሷ ካየችው ቦታ አልነበረም። ይህን የምነግርህ እንድታዝን ሳይሆን ቀን እንድትቆጥር ነው።

ቪብከ


ዲትሱም፣ ፌብሩዋሪ 8

ቪብከ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ይህን ይቅርታ ብርቅ ስለሆነ በደንብ አስቀምጪው። በሩ ተከፍቷል። ሽቦም ከደረጃው ሥር እስከ ራውተሩ ድረስ ዘርግቻለሁ። ጌሳ «በገዛ ቤቴ በሽቦ ተጠልፌ ልሙት?» ብላ አኩርፋለች፤ ሚስቴንም አጣልተሽኛል። ከእኛ የሚወጣው መስመር አሮጌ የስልክ ሽቦ ስለሆነ ሰፊ አይደለም፤ ግን ለአንድ ፊልም ይበቃል። ለክቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ የእኔ ጥፋት የምትዪው ነገር የለም።

በድምፁ ጉዳይ መሳቅሽ ደርሶኛል። ምን ይሰማል ብለሽ ለጠየቅሽው መልስ አለኝ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ከጀርባ የኩሽናው ሰዓት ይሰማል። አባዬ ሲቸኩል እጁ ደረቱን ይመታል፣ እሱም ይሰማል። ሲስቅ ደግሞ ከጉሮሮው የምትወጣ አንድ ቀጭን ድምፅ አለች፤ እንዳለችው እንኳ ሳያውቅ ሞተ። ይህን ሁሉ ከእናንተ መሃል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አውርቼ አላውቅም። በዚህም ሳቁ።

የማርች 3ቱ ፊልም ተቆርጦ እንደሆነ ባለፈው ሳምንት በፖስት ካርድ ለጠየቅሽው ግን ምንም የምለው የለኝም። ፊልሙ እስከ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ይሄዳል፣ ያልቃል። የተቆረጠ ነገር የለም። «እውነቱን ንገረኝ» ብለሽ በቀይ ብዕር ማስመርሽ የመምህርነት አምሮት ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ሃቦ


ካሰል፣ ፌብሩዋሪ 20

ሃቦ፤

እሁድ ዕለት ከፈትነው። እውነቱን መደበቅ የአንተ እንጂ የእኔ ልማድ ስላልሆነ ልንገርህ፤ ብርሌ ነው። አባዬ በ1997 ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ላይ ሆኖ ስለ ጎረቤታችን ፍየል ያወራውን አየን። እያንዳንዱ ጣት፣ እያንዳንዷ ጥፍር። እማዬ ማያው አጠገብ ወንበሯን ጎትታ ተቀምጣ መልስ ትመልስለት ነበር፤ «ውሸታም፣ ፍየሏ የበላችው ባርኔጣውን እንጂ ጢሙን አይደለም» አለችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ተጨቃጨቁ። አመሰግናለሁ። ይህንንም አስቀምጠው፣ ብርቅ ነው።

ከዚያ የማርች 3ቱን ከፈትን። ገንፎ።

ከዚያ ሁሉ ፊልም አንዱ ብቻ ለምን? መስመሩ ያው፣ በሩ ያው፣ ሽቦው ያው ነው። ዝርዝሩን ከፈትኩ። ሌሎቹ ፊልሞች እንዳሉ ይመጣሉ። ይህኛውን ግን ሳጥኗ እንደገና እየሠራችው ነው የምትልከው፤ ምክንያቱም ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ እያንዳንዱ ምስል ላይ እንዲታተም ስለታዘዘች ምስሉን አፍርሳ ትሠራዋለች። እሷ ደግሞ አሮጌ ናት፣ አቅም የላትም፤ ፊልሙ ሳያመልጣት ለመድረስ ስትል ታደቅቀዋለች። ጽሑፉን እኔ ከዚህ ሆኜ ላጠፋው ብል እምቢ አለኝ። ከእናንተ በኩል «ግዴታ» ተብሎ ታስሯል።

ለመሆኑ ለእጅ ንግግር ከሥሩ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ማነው? ማን ጻፈው? አትመልስልኝ፣ አጻጻፍህን አውቀዋለሁ፤ ነጠላ ሰረዝ አትወድም።

ጽሑፉን አነበብኩት፤ ከፊልሙ ውስጥ የሚነበበው እሱ ብቻ ነውና። እስከ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ድረስ ጽሑፉና እጁ እኩል ይሄዳሉ። ከአሥራ አንደኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ግን ያለው አንድ መስመር ነው፦ «አባዬ ደክሞታል።» እጁ ግን አልደከመም ሃቦ! ጣቶቹን ባላይም ክንዶቹ ሲነሱና ሲወርዱ አያለሁ። አራት ደቂቃ ሙሉ ይናገራል፤ አንተ በሁለት ቃል ዘጋኸው።

ምን አለ? ወይ ጽፈህ ላክልኝ፣ ወይ ጽሑፉን አጥፋው። ፋሲካ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

ቪብከ


ዲትሱም፣ ማርች 2

ቪብከ፤

ጽሑፉን የጻፍኩት ለልጆቼ ነው። አያታቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረውን እንዲያነቡ ብዬ ነው። እጅ አያውቁም። ለምን አላስተማርካቸውም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ልደት ላይ ብለሽኛል። ያላስተማርኳቸው እንደ እኔ እንዳይሆኑ ነው።

አንቺ በስድስት ዓመትሽ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወደተሠራው አዳሪ ትምህርት ቤት ሄድሽ። እናትና አባትሽን ተነጠቅሽ፣ አዝንልሻለሁ። ግን እዚያ የሄድሽው ወደ እኩዮችሽ ነው። እኔ ቤት ቀረሁ። አባዬ የእጅ ስም ሲያወጣልን አንቺን ፀጉርሽን በጣቱ ጠቅልሎ «ጥቅልል» አለሽ። እኔን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «አፌ» አለኝ። ሌላው ልጅ በጉንጩ ስርጉድ ይጠራል፣ እኔ በሥራዬ ተጠራሁ። ባንክ ቤት አፍ ነበርኩ፣ ማዘጋጃ ቤት አፍ ነበርኩ፣ ሐኪም ቤት አፍ ነበርኩ። ሥጋ ሻጩ አባዬን ሲሰድበው ለአባዬ «ዛሬ ሥጋው ትኩስ ነው ይልሃል» እያልኩ ነው ያደግኩት። ከሁለት በኩል የሚመጣውን ቆሻሻ አጣርቼ ንጹሑን ማሳለፍ ሥራዬ ነበር፣ ማንም አላመሰገነኝም። አሁን ደግሞ አንቺ ለምን አጣራህ ትዪኛለሽ።

ስለዚህ ጽሑፉን አላጠፋም። አባዬ ደክሞት ነበር ብያለሁ፣ ደክሞት ነበር። የሞተን ሰው ለምን እንዲህ ታሠቃዪዋለሽ? ለእማዬ የሚያስፈልጋት ሁሉ እስከ አሥራ አንደኛው ደቂቃ አለ። ይወዳታል። ታውቃለች።

ሃቦ


ካሰል፣ ማርች 14

ሃቦ፤

ዛሬ ጠዋት መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጌ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ወደ እኔ ዞረች። በእጄ «ደህና አደርሽ» አልኳት። ወደ እኔ እያየች «ማነው?» አለች። ሁለት እርምጃ ቀርቤ ደገምኩላት። ጥቅልሉን ፀጉሬን በእጇ ፈልጋ ነው ያወቀችኝ።

ሐኪሙ የተሳሳተው በአራት ሳምንት ነው። አሁን የሚቀራት ጠርዝ ጠርዙ ነው፤ እሱም ረፋድ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ብቻ።

ያንተን የልጅነት ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። እውነት ነው፣ ማንም አላመሰገነህም። ሥጋ ሻጩንም አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር አትርሳ፤ ስታጣራ ንጹሑ የቱ እንደሆነ የምትመርጠው አንተ ነበርክ። እኛ ሳንመርጥ አርባ ዓመት ያሳለፍክልንን ብቻ ጠጣን። በቃ። እሱ ለእሷ ተናገረ። መሃላቸው ውጣ።

ቪብከ


ዲትሱም፣ ማርች 20

ቪብከ፤

ጽሑፉን ዛሬ ከሳጥኗ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ግዴታውንም ፈትቻለሁ። እኔው ጣቢያው ውስጥ ሆኜ በስልኬ ሞከርኩት፤ ከቤት ውጭም ጥርት ብሎ ይታያል። ክፈችላት።

ከመክፈትሽ በፊት ግን ይህን አንብቢ። በመጀመሪያ ደብዳቤዬ ሳጥኑን አልነካሁም ያልኩሽ፣ ያን ፊልም ከማስገባቴ በቀር፣ እውነት ነበር። ጽሑፉ ምስሉን እንደሚያደቅቀው ጃንዋሪ ላይ አላውቅም ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ፣ አንቺ ከመጻፍሽ በፊት፣ ሽቦውን ስዘረጋ አውቄአለሁ። አውቄ ተውኩት። ሌባ አድርገሽ ብትስዪኝ አልቃወምም።

በ1989 ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንቺ ትምህርት ቤትሽ ነበርሽ። እማዬ ኤምደን ከተማ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙ የዓይን ሥዕል ግድግዳ ላይ እያሳየ ነገረኝ፤ መሃሉ ቀስ እያለ እንደሚሞት፣ በሃምሳዋም ይሁን በሰባዋ አንድ ቀን እንደማታይ፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ ነገር ግን ዓይኗ ሳለ ቃልን በመዳፍ መቀበል ብትማር ኋላ ከሰው እንደማትለይ። ዕድሜዬን ጠየቀኝና «ይህን ልትነግራት ትችላለህ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ። አፍ ነበርኩ እኮ።

ዞሬ አየኋት። ፊቴን እያነበበች ነበር፣ ፈገግ ብላ። እጄን አንስቼ «ደህና ነሽ፣ መነጽር ብቻ» አልኳት። ስንወጣ አይስክሬም ገዛችልኝ፤ ሁለት ኳስ፣ የቼሪና የቫኒላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቼሪ በአፌ አልዞረም።

አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ልነግራት ነበር። ሳገባ ልነግራት ነበር። እያደር የሚጨመረው ዓመት ራሱ ሌላ ውሸት ሆነ። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ለአባዬ ነገርኩት፣ ምስጢሩን ይዤ ልቀብረው ስለማልችል። ፊቱን አዞረብኝ፤ ከዚያ «ካሜራውን አምጣ» አለኝ። ከአሥራ አንደኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ይህ ነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ ካሜራውን ይዤ ቆሜአለሁ። እዚያ ቦታ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ከኢንተርኔቱ አይደለም።

እንዳሳያት አስማለኝ። ስለማልኩ ሳጥኗ ውስጥ ከተትኩት፣ ስለፈራሁ ጻፍኩበት። አሁን ከእኔ እጅ ወጥቷል።

ሃቦ


ካሰል፣ ማርች 27

ሃቦ፤

ትናንት እሁድ፣ ረፋድ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ከፈትነው። አንድም ጊዜ አልቆመም። ክቧ አልዞረችም። የአባዬ የግራ አውራ ጣት ላይ ያለችው የመዝጊያ ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። ስትሠራ የምትችል ሰው ነህ።

እማዬ መጀመሪያ ከማያው አንድ ክንድ ርቃ ተቀመጠች። ከዚያ ተጠጋች። ከዚያ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። በመጨረሻ መዳፏን ማያው ላይ፣ ልክ እጆቹ ላይ አሳረፈች። «ይሞቃል» አለች። «ብርሃን አያለሁ። እየተናገረ ነው?» አዎ አልኳት፣ መዳፏ ላይ።

እኔ ግን እስከ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ አየሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንዲህ ሲያረፍድ ምን ያደርጋል? ሠላሳ አራት ዓመት ሃቦ! ጣቷ ሳይደነድን፣ አባዬ ሳይሞት፣ ሁለቱ አብረው ተቀምጠው መዳፍ ለመዳፍ መነጋገር ይማሩ ነበር። አሁን በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ከእኔ ጋር «ውሃ» እና «ዳቦ» እያለች ትጀምራለች፤ በቀን አምስት ቃል፣ ሦስቱን ትረሳለች። ዘጠኝ ዓመት እንደነበርክ አውቃለሁ። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ሌሊቱን ሳለቅስለት አደርኩ። አሥራ ስምንት የሞላውን፣ ያገባውን፣ ጃንዋሪ ላይ «ብዙ የሚነበብ የለውም» ብሎ የጻፈልኝን ሰው ግን ይቅር አልለውም። በዚህ ደብዳቤ አልለውም።

ያኔውኑ መዳፏ ላይ ልነግራት እችል ነበር። እጆቿን ያዝኩ፣ ጀመርኩ፣ ተውኩ። እኔ ብነግራት እኔም መርጬ አሳላፊ እሆናለሁ፣ ለዚያ ደግሞ በአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል። እንዲህ ብቻ አልኳት፤ «ከፊልሙ መጨረሻ ላይ ሃቦ የሚነግርሽ ነገር አለ።» ከዚያ ወረቀትና ወፍራሙን ብዕር አምጪልኝ አለች። የጻፈችውን አጥፌ አብሬ ልኬልሃለሁ። ሳትጨርስ እንዳይ አልፈቀደችልኝም።

ቅዳሜ በሚመጣው የመጀመሪያ ባቡር ና። ጣቢያ አልቀበልህም፣ መንገዱን ታውቀዋለህ። ሳጥኗን ክፍት አድርገህ ውጣ፤ ፊልሙ በአንድ በኩል ይሄዳል፣ አንተ በሌላ በኩል እጆቿን ይዘህ ቃል በቃል ታቀብላታለህ። እኔ ማያውን እያየሁ ከጎናችሁ እቆማለሁ፤ አንዲት ጣት ብትዘል አስቆምሃለሁ። ሁለት ሲኒ ሻይ ይጠብቅሃል። በእኛ አገር ሰው ሦስተኛውን ሳይጠጣ ማሰናበት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሦስተኛውን ግን ነግረሃት ከጨረስክ በኋላ እማዬ ትወስናለች።

ቪብከ


(በትልልቅ ፊደል፣ መስመሩ ወደ ታች ያዘነበለ ጽሑፍ)

አፌ፤

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። አንተ ያልከኝ አራት ቃል ነበር። ያን ጊዜም ቆጥሬዋለሁ፤ ግን ፊትህ ነጭ ስለነበረ አልጠየቅኩህም፣ አይስክሬም ገዛሁልህ።

አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል። የቀረውን ይዘህ ና።

እናትህ